ጀበርቲው ሊቅ፦ እስልምናና ሳይንስ ከእፋት እስከ ካይሮ

ሶላት ሰዓትና አቅጣጫ ይፈልጋል፤ ጾም የጨረቃን መውጣት ይጠብቃል፤ ውርስ ደግሞ ያለ ክፍልፋይ ሒሳብ አይከፈልም። እስልምናና ሳይንስ ቀድመው የተገናኙት በእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ነው። የአስር ሶላት ወቅት በሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት) የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ ቀትር ላይ ከነበረው በላይ የራሱን ቁመት ያህል ሲረዝም ነው፤ በሐነፊ ደግሞ እጥፉን ሲረዝም። ይህን በየአገሩና በየወቅቱ አስቀድሞ ለማወቅ የፀሐይን መንገድ ማጥናት ግድ ነበር።

የሶላት አቅጣጫ የሆነው ቂብላም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ የአዊ ዞን ዋና ከተማ እንጅባራ፣ በቀድሞ ስሟ ቆሰበር፣ ከመካ በአየር መስመር 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቂብላዋ ወደ ሰሜን ሆኖ 15 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከካዕባ አናት ላይ ትቆማለች፤ ግንቦት 20 አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ እና ሐምሌ 9 አካባቢ 6 ሰዓት ከ27። የኢትዮጵያና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ መቀነስም መደመርም አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ ቆሰበር ላይ ቀጥ ብላ የተተከለች የአንድ ሜትር በትር 20 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ጥላ ትጥላለች፤ ከጥላው ጫፍ ወደ በትሩ ሥር የተሰመረ መስመር ካዕባን ያመለክታል። የሐምሌው ቀን ግን ለአዊ ሰው እምብዛም አይረባም፤ ደመናው መች ፀሐይ ያሳያል!

የውርስ ሒሳብ፣ ፈራኢድ የሚባለው፣ ለአልጀብራ መወለድ ድርሻ አለው። አል-ኸዋሪዝሚ በ820 ገደማ ባግዳድ ውስጥ የጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ግማሽ ያህሉ የኑዛዜና የውርስ ጥያቄ ነው (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ የሞተ ሰው ንብረት እንዴት ይከፈላል? ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ፣ የቀረው ለልጁ ነው። ሀብቱ 24 ቦታ ተከፍሎ 3 ለሚስት፣ 4 ለእናት፣ 17 ለልጁ ይደርሳል። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ትምህርት በሚሰጥባቸው የወሎ መንደሮች ተማሪው፣ ደረሳ የሚባለው፣ እንዲህ ያለውን ስሌት ይማራል፤ ሒሳብ ተማርኩ ባይል እንኳ ሒሳብ ነው።

ከእነዚህ ሦስት ጉዳዮች ያለፈም ብዙ ሥራ አለ። በደማስቆ የኡመያድ መስጊድ ሰዓት ጠባቂ የነበረው ኢብን አሽ-ሻጢር በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቀመረው የጨረቃ ዑደት ከመቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ በኮፐርኒከስ ሥራ ውስጥ በዚያው መልኩ ይገኛል። በመስጊድ ደመወዝ የሚተዳደር የሥነ ፈለክ ሰው መኖሩ ራሱ፣ ሃይማኖቱ ለዚህ እውቀት ቦታ እንደነበረው ይመሰክራል። ሳይንስን ገደለ እየተባለ የሚከሰሰው አል-ጋዛሊም ቢሆን ክሱ አይገባውም፤ የግርዶሽን ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን ይጎዳል ብሎ የጻፈው እሱ ነው። መጥፎ ቀንም አልታጣም። በ1570ዎቹ ኢስታንቡል ውስጥ የተሠራው የሥነ ፈለክ ሊቁ የታቂዩዲን የከዋክብት ማጥኛ በ1580 በኦቶማኑ ሱልጣን ትእዛዝ ፈርሷል።

የዓረብኛው የዘመን ስሌት ወደ ኢትዮጵያ ክርስቲያንም ተሻግሯል። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤቶች የሚታወቀው «አቡሻህር» በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካይሮ ውስጥ በአንድ ቅብጥ ዲያቆን በዓረብኛ ተጽፎ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ ነው።

ሃይማኖቱና ሳይንሱ እንዴት እንደኖሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ግን የአንድ የሐበሻ ዘር ቤተሰብ ታሪክ ነው። ጀበርት ተብሎ የሚጠራው ከዘይላ እስከ እፋት ያለው አገር ነበር፤ እፋት ዛሬ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ የሚገኘው ነው። ከዚያ የሚሄዱ ተማሪዎች በካይሮው መስጊድና የትምህርት ማዕከል በአል-አዝሐር የራሳቸው ማደሪያና መማሪያ፣ ረዋቅ አል-ጀበርት፣ ነበራቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ከጀበርት ተነሥተው በመካና በመዲና በኩል ካይሮ የገቡ ሼህ ዐብዱረሕማን የረዋቁ አለቃ ሆኑ፤ አለቅነቱም በዘራቸው ቀጠለ። በ1774 ያረፉት ሼህ ሐሰን አል-ጀበርቲ የዚያው ዘር ናቸው።

ሼህ ሐሰን የሐነፊ ፊቅህ ሊቅ ነበሩ፤ ስማቸው የገነነው ግን በሒሳብ፣ በሥነ ፈለክና በመሣሪያ ሥራ ነው። ሀብታም ስለነበሩ መጻሕፍትና መሣሪያ ገዝተው በቤታቸው ያስተምሩ ነበር። የካይሮ ሚዛኖች እርስ በርሳቸው አልስማማ ቢሉ በ1758/59 ባለ ሙያዎችን ሰብስበው ሚዛኑንና መመዘኛውን አስተካከሉ። ልጃቸው እንደጻፈው ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎችም ጂኦሜትሪ ተምረውባቸው ሄደዋል፤ አገራቸውም ሲገቡ የተማሩትን በነፋስ ወፍጮና ከባድ ዕቃ በማንቀሳቀሻ ላይ አውለውታል። ልጅ የአባቱን ስም ማግነኑ አይቀርም፤ ቢሆንም ነገሩ ልብ ይነካል፤ እውቀቱን ሥራ ላይ ያዋሉት እንግዶቹ ነበሩና።

በ1740ዎቹ መጨረሻ ካይሮ የተሾመው የኦቶማን ገዢ አሕመድ ፓሻ ሒሳብ ወዳድ ነበር። የአል-አዝሐርን አለቃ ሼህ አሽ-ሸብራዊን ስለዚህ እውቀት ቢጠይቃቸው፣ እነሱ ዘንድ ከውርስና ከሶላት ሰዓት ስሌት ያለፈ እንደማይማሩት ነገሩት። ክልክል ስለሆነ ግን አላሉም። የሰጡት ምክንያት መሣሪያና የእጅ ሙያ እንደሚፈልግ፣ ተማሪዎቻቸውም አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ድሆች እንደሆኑ ነው። ከዚያም ወደ ሼህ ሐሰን መሩት። ፓሻው እየተመላለሰ ተማረ፤ በአል-አዝሐርም የፀሐይ ሰዓት ተተከለ። የእስልምናና የሳይንስ ጠብ እየተባለ ብዙ ከሚወራው ይልቅ የሼህ አሽ-ሸብራዊ መልስ ወደ እውነቱ ይቀርባል። እውቀቱ አልተወገዘም፤ ቤትና ገንዘብ ግን አጣ፤ በአንድ ሰው ሀብት ላይ የቆመ ትምህርትም ሰውዬው ሲሞት መናዱ አይቀርም።

ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ሲይዝ ፈረንሳዮች ካይሮ ላይ የሳይንስ ተቋም ከፈቱ። የሼህ ሐሰን ልጅ፣ ታሪክ ጸሐፊው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ፣ ሄዶ ጎበኘው። ቤተ መጻሕፍቱን፣ ተቀላቅለው ድንጋይ የሚሆኑ ፈሳሾችን፣ የነካውን ሰው የሚያንቀጠቅጠውን የኤሌክትሪክ መሣሪያ አይቶ፣ እንደ እኛ ያለ አእምሮ የማይደርስበት ነው ሲል በመገረም ጻፈ። ወራሪዎቹን አይወድም፤ እውቀታቸውን ግን አላናናቀም። ወዳጁ ሐሰን አል-ዐጣርም ከፈረንሳዮቹ ጋር ተጎራብቶ ያየው ስላሳሰበው በአገሩ ትምህርት ላይ ለውጥ እንዲመጣ ይወተውት ነበር። ደቀ መዝሙሩ ሪፋዐ አጥ-ጠሕጣዊ በ1826 የግብፅ ገዢ ሙሐመድ ዓሊ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ከላካቸው ወጣቶች ጋር ኢማም ሆኖ ሄደ፤ ሐሰን አል-ዐጣር ራሱም በ1830ዎቹ መጀመሪያ የአል-አዝሐር አለቃ ሆነ።