አንድ ስም፣ ብዙ ባሕርይ፦ የአተርና የባቄላን ሥር የሚያበሰብሰው ፉዛሪየም

በደቡብ ወሎ ጃማ ወረዳ፣ በደጎሎ ዙሪያ የተዘረጋው ደጋማ ሜዳ በአብዛኛው ዋልካ አፈር ነው። በክረምት አፈሩ ውሃ ሲቋጥር የሰብሉ ሥር አየር ያጥረዋል። በእንዲህ ያለ ማሳ የጠወለገ ባቄላ ሲነቀል ሥሩ ብዙ ጊዜ ጠቁሮና በስብሶ ይገኛል። የዚህ የጥቁር ሥር አበስብስ በሽታ መንሥኤ ፉዛሪየም ሶላኒ የተባለ ፈንገስ መሆኑ በአገራችን ከታወቀ ቆይቷል። ሆኖም ስሙን ማወቅ ብቻውን ለገበሬው የሚበጅ ምክር አያስገኝም።

ፉዛሪየም ሶላኒ የብዙ ተቀራራቢ ፈንገሶች የጋራ መጠሪያ ነው። ከእነዚህ በጥልቀት የተጠናው አተርን የሚያጠቃው ነው። አተር ሲጠቃ ፒሳቲን የተባለ ፀረ ፈንገስ ውህድ ያመነጫል፤ ፈንገሱ ደግሞ ውህዱን የሚያከሽፍ ኢንዛይም አለው። የኢንዛይሙ ዘረመል የሚገኘው ለዕለት ኑሮው በማያስፈልገው ተጨማሪ ክሮሞሶም ላይ ነው። ፈንገሱ ክሮሞሶሙን ቢያጣ በቤተ ሙከራ እንደ ወትሮው ያድጋል፤ አተርን የመጉዳት ኃይሉ ግን በእጅጉ ይቀንሳል። የኢንዛይሙ ዘረመል ብቻ ሲሰናከል ጉዳቱ የሚቀንሰው በጥቂቱ በመሆኑ፣ በዚያው ክሮሞሶም ላይ የሚገኙ ሌሎች ዘረመሎችም ድርሻ እንዳላቸው ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የጂኖም ጥናት ከፈንገሱ 17 ክሮሞሶሞች 3ቱ ተጨማሪ መሆናቸውን አሳይቷል።

ተመሳሳይ ትምህርት አተርን ከሚያጠወልገው ፉዛሪየም ኦክሲስፖረምም ይገኛል። ይህ ፈንገስ 1፣ 2፣ 5 እና 6 ተብለው የሚጠሩ ሬሶች አሉት። ሬስ 1ን የሚቋቋም አንድ ዘረመል ያለው አተር በሌሎቹ ሊጠቃ ይችላል። ስለዚህ «በሽታ የሚቋቋም ዝርያ» የሚለው ቃል ሙሉ ትርጉም የሚኖረው የትኛውን ሬስ እንደሚቋቋም ሲነገር ነው።

ይህ ለደጎሎ ማሳ ምን ይነግረናል? ባቄላን፣ አተርንና ምስርን የሚያጠቃው አንድ የፈንገስ ሕዝብ ከሆነ፣ አንዱን ጥራጥሬ በሌላው መተካት መሬቱን ከበሽታው አያሳርፍም፤ ስንዴ ወይም ጤፍ ጣልቃ ሊገባ ይገባል። የተለያየ ከሆነ ግን ለየሰብሉ የተለየ ምርጫ ይኖራል። ለመለየት የተለመደው አንድ የጋራ ዘረመልን ማንበብ የፈንገሱን ዝምድና ቢያሳይም፣ ተጨማሪው ክሮሞሶም መኖር አለመኖሩን አይነግረንም። በመሆኑም ከየሰብሉ ሥር የተነጠለውን ፈንገስ በሌሎቹ ሰብሎች ላይም አዳርሶ መፈተሽ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ትርፉን ውሃ በሰፊ መደብና በቦይ ማጠንፈፍ ተገቢ ነው፤ ውሃ ያልተኛበት ሥር ፈንገሱ የትኛውም ዓይነት ቢሆን በቀላሉ አይሸነፍም።