ዕድሜ ያለው ቀበቶ ከዕርድ ቦታ ይጀምራል

በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ገበያዎች “ቆዳ ነው” ተብሎ የሚሸጥ ቀበቶ ሁሉ እኩል ዕድሜ የለውም። አንዱ በወራት ውስጥ ይላጣል፤ ሌላው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

የከብት ቆዳ በፋብሪካ ሲለፋ በውፍረቱ ለሁለትና ከዚያ በላይ ይሰነጠቃል። ጠጉር የበቀለበት የላይኛው ክፍል ክሮቹ ተጠላልፈው የጠበቁ በመሆናቸው ጠንካራ ነው። የታችኛው ክፍል ግን የላላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ቀለም ተሸፍኖ ይሸጣል። ከሁሉም ደካማው የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራው ነው።

ገዥው በቅድሚያ የቀበቶውን ጠርዝ መመልከት ይኖርበታል፤ ወጥ እንጂ እንደ ካርቶን የተደራረበ መሆን የለበትም። ሲታጠፍ ላዩ የሚሰነጠቅ ከሆነ የሚታየው ቀለም እንጂ ቆዳ አይደለም። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ወጥ ቆዳና ሊቀየር የሚችል የናስ ዘለበት ለረጅም ዓመታት ያገለግላሉ።

ለቀበቶ ተመራጩ የከብቱ ጀርባ ነው። ይሁን እንጂ የጅራፍ ጠባሳ፣ የመዥገር ንክሻና የቢላ ጭረት በፋብሪካ አይጠፉም። ስለሆነም አርሶ አደሩ መዥገርን ቢከላከል፣ ሲገፍፍ ከቢላ ይልቅ ጡጫውን ቢጠቀም፣ ቆዳውንም በዕለቱ በጨው ቢያሽ ዋጋውን ያስጠብቃል። ለበዓል ማግስት ያለ ጨው ያደረ ቆዳ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ገዥም ያጣል።

መጫኛና ጠፍር የሚያበጅ አርሶ አደር እንደሚያውቀው፣ ቆዳን የሚገድለው ድርቀት ነው። የረጠበ ቀበቶ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ በጥላ ይድረቅ፤ አልፎ አልፎም ጥቂት ቅባት ይቀባ።