ስለ ፍሬን ሸራ ምርጫና ከትቢያው ስለ መጠንቀቅ

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ሸለቆ በመኪና የወረደ ሰው፥ ፍሬን ሲግል የሚያወጣውን የቃጠሎ ሽታ ሳያውቀው አይቀርም። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፥ መኪናው በተገታ ቁጥር ሩጫው በሸራው መታሸት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሸራውም እየተፋቀ ያልቃል፤ ፍቅፋቂው ትቢያ ሆኖ ከፊሉ በአየር ሲበተን ከፊሉ በፍሬኑ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ የፍሬን ሸራ ምርጫ የመንገድ ደኅንነት ብቻ ሳይሆን የሳንባ ጤንነትም ጉዳይ ነው።

በእንግሊዝ አገር ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሰው አስቀድሞ ሸራውን ከጥጥ ይሠራ ነበር። ጥጥ ግን ሙቀት ስለማይችል፥ እ.ኤ.አ. በ1908 አስቤስቶስን በሥራ ላይ አዋለ። አስቤስቶስ እሳት የማይበላው፥ እንደ ጥጥ የሚፈተል የድንጋይ ዘር ነው። ነገር ግን ለዓይን የማይታየው ቃጫው በትንፋሽ ገብቶ በሳንባ ውስጥ ይቀራል፤ ሰውነትም ሊያስወግደው አይችልም። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ከቆየ በኋላ የሳንባ መጠጠርን፥ የሳንባንና የሳንባን ሽፋን ካንሰር ያመጣል። ስለዚህም የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ ከልክሎታል፤ አሜሪካም በ2024 በመኪና ፍሬን ላይ እንዳይሠራበት ደንብ አውጥታለች።

ዛሬ በምትኩ ሦስት ዓይነት ሸራ ይገኛል። አንደኛው ከሙጫ፥ ከጎማና ከልዩ ልዩ ቃጫ የተሠራው ነው፤ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፥ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል፥ ሲግልም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ሁለተኛው የብረት ቅንጣት የበዛበት ነው፤ ሙቀት ይችላል፥ ቁልቁለት ለሚበዛበትና ጭነት ለሚሸከም መኪናም ይስማማል፥ ነገር ግን ይጮኻል፥ የሚታሸበትንም ብረት ይበላል። ሦስተኛው የሴራሚክ ነው፤ ትቢያው ጥቂት፥ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ገዢ ሁሉ የመኪናውን መምሪያ መጽሐፍ ይመልከት፤ በማሸጊያው ላይ አስቤስቶስ የሌለበት መሆኑ መጻፉን ያረጋግጥ፤ የግራውንና የቀኙንም በአንድነት ያስለውጥ። አስቤስቶስ በመልክ ስለማይለይ፥ ምንነቱ ያልታወቀውን አሮጌ ሸራ ሁሉ እንዳለበት አድርጎ መቁጠር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው ስለ ጋራዥ ሠራተኞች ነው። የፍሬን ትቢያ በአየር ግፊት ወይም በአፍ እፍ ሊባል፥ በደረቅ መጥረጊያም ሊጠረግ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፥ ጨርቁ ሳይደርቅ በከረጢት ታስሮ ይጣል። ሠራተኛውም የሥራ ልብሱን ለብሶ ወደ ቤቱ አይግባ፤ በልብሱ ላይ ያለው ትቢያ ለሚያጥብለትና ለሚያቅፋቸው ልጆቹ ይተርፋልና።

መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱ አደራ እንላለን። ከትምህርት ሰዓት በኋላ በጋራዥ የሚለማመድ ወጣት ዛሬ የሚተነፍሰው ትቢያ፥ ጉዳቱ የሚገለጠው ልጆች አሳድጎ ቤት ከመሠረተ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መጠንቀቅ አይረዳውም።