ስለ ዐዲስ ቱርቦ የመጀመሪያ ዘይት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ባኮና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚመላለሱት የናፍጣ መኪናዎች ብዙዎቹ ቱርቦ የተገጠመላቸው ናቸው። ቱርቦው ሲበላሽ ባለንብረቱ በብዙ ገንዘብ ሌላ ገዝቶ ያስለውጣል። ዐዲሱም ብዙ ሳይሠራ ማፏጨትና ዘይት ማፍሰስ የጀመረ እንደ ሆነ፣ ባለንብረቱ መካኒኩን፣ መካኒኩም ዕቃ ሻጩን ይወቅሳል። በእርግጥ ብልሹ ዕቃ አይጠፋም። ነገር ግን ጥፋቱ ሞተሩ በተነሣባቸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች የደረሰ ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

ቱርቦ በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ የተተከሉ መንኰራኵሮች አሉት። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል፤ ሁለተኛው በዚሁ ኀይል አየር እያመቀ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ሐሳቡን በ1905 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፈጠራ መብት ያስመዘገበው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በደጋ አገር ቱርቦ ትልቅ ረዳት ነው።

ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊዞር ይችላል። በብዙዎቹ ቱርቦዎች ኩሽኔታው ኳስ የሌለው ቀለበት ስለ ሆነ፣ ዘንጉን በእውነት የተሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይቱ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ይከላከላል፤ ሙቀቱንም ይዞ ይወጣል። ከሳጥን የወጣ ቱርቦ ግን ውስጡ ደረቅ ነው ለማለት ይቻላል። ሞተሩ እንደ ተነሣ ጭሱ መንኰራኵሩን ወዲያው ያዞረዋል፤ ዘይቱ ግን ባዶውን መስመር ሞልቶ እስኪደርስ ሴኮንዶች ያልፋሉ። በማለዳ ብርድ ዘይቱ ስለሚወፍር መዘግየቱ ይብሳል። በዚህ መካከል ኩሽኔታው ይጫራል። ጭረቱም ተደብቆ ይቆይና መኪናው ጭነቱን ይዞ ከጉደር ወደ ጌዶ ዳገቱን ሲወጣ ሊገለጥ ይችላል።

ሥራው በሚከተለው ተራ ይፈጸማል፤ የፋብሪካው መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ ግን እርሱ ይቀድማል።

1ኛ/ አሮጌው ቱርቦ የተበላሸበት ምክንያት ይመረመራል። የዘይት መስመሩ ይጸዳል ወይም ይለወጣል፤ ዘይቱና ፊልትሮውም ይለወጣሉ። በዘይት መግቢያው ላይ ሲሊኮን መቀባት አይገባም፤ ተቆርሶ ቀዳዳውን ሊዘጋው ይችላልና።

2ኛ/ በቱርቦው መግቢያ ንጹሕ የሞተር ዘይት ይጨመራል፤ ዘይቱም ኩሽኔታውን እንዲያዳርስ መንኰራኵሩ በጣት ቀስ እየተባለ ይዞራል።

3ኛ/ መስመሩ ከታሰረ በኋላ ናፍጣው ተቋርጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ይዞራል። ሞተሪኖው እንዳይግል እያሳረፉ፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ ይደገማል።

4ኛ/ ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ሳይረገጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ይሠራል፤ የሚያፈስ ቦታ መኖሩም ይታያል።

ይህን ችላ ማለት የሚያስከትለው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይደለም። የተጎዳ ቱርቦ ዘይቱን ወደ አየር መግቢያው የለቀቀ እንደ ሆነ፣ የናፍጣ ሞተር ያንኑ ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ፣ ቁልፉ ቢዘጋም እንኳ ሳይጠፋ ከልክ በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ይህም ለመኪናውም ለሰውም አደጋ ነው። ለጥንቃቄው የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ዘይትና የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ነው። እንግዲህ ዕቃውን ከመንቀፋችን በፊት፣ ከመነሣቱ አስቀድሞ ዘይት አግኝቶ ነበርን? ብለን መጠየቅ ይገባናል።