የፊት መሸብሸብን የሚቀንሱ መርፌዎች፦ አዲሱ ግኝት የትኛውን የፊቅህ ጥያቄ ይመልሳል?

ቦቶክስ በሚለው የንግድ ስም የሚታወቀውን፣ የፊት መሸብሸብን የሚቀንሰውን መርፌ በተመለከተ ለኢማሞችና ለመምህራን የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ «ሐላል ነው ወይስ ሐራም?» መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። በችኮላ «ሐራም» ያለ ሰው የዓይን ቆቡ ያለፈቃዱ እየተጨፈነ የተቸገረን ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ሊያስቀር ይችላል። በችኮላ «ሐላል» ያለም ጠያቂውን ምንነቱ ላልታወቀ መርፌ ሊያጋልጠው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የመድኃኒቱን አሠራር፣ በቅርብ ዓመታት የታዩትን ለውጦችና የዑለማእን አቋም እናቀርባለን። ዓላማችን አዲሱ ግኝት የትኛውን የፊቅህ ጥያቄ እንደሚነካና የትኛውን እንደማይነካ መለየት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመድኃኒቱ ምንነት

መድኃኒቱ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ይኸው መርዝ በተበከለ ምግብ ወደ ሰውነት ሲገባ ጡንቻን የሚያዝልና ትንፋሽን እስከማቋረጥ የሚደርስ በሽታ ያስከትላል። እጅግ በጥቂቱ ተመጥኖ በጡንቻ ሲወጋ ግን፣ ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያስተላልፍበት አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይለቀቅ ያግዳል። በዚህም ጡንቻው ይላላል፤ በላዩ ያለው ቆዳም ይለሰልሳል። ውጤቱ በጥቂት ቀናት ይታይና በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ይጠፋል።

የመድኃኒቱ ታሪክ የተጀመረው ከውበት ሳይሆን ከሕክምና ነው። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ለዓይን መንሸዋረር ሕክምና አጠኑት፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ1989 ለዚሁ ሕመምና ያለፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ፈቀደው። በቅንድቦች መካከል ለሚታየው መሸብሸብ የተፈቀደው በ2002 ሲሆን፣ በ2010 ደግሞ ሥር ለሰደደ ማይግሬን ተፈቀደ።

አዳዲስ ለውጦች

የመጀመሪያው ለውጥ የቆይታ ጊዜን ይመለከታል። በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ዳክሲቦቱሊነምቶክሲን የተባለው ዓይነት በጥናቶች ውጤቱ በአማካይ 6 ወር ያህል ቆይቷል። ሁለተኛው ይዘትን ይመለከታል። ነባሮቹ ዓይነቶች መድኃኒቱን ለማረጋጋት ከሰው ደም የተለየ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ይጨመርባቸዋል፤ ባክቴሪያው የሚራባበት ምግብም ብዙ ጊዜ ከእንስሳት የተገኙ ነገሮች አሉበት። ይህ አዲሱ ዓይነት ግን በአልቡሚን ፋንታ በፋብሪካ የተሠራ ፔፕታይድ ይጠቀማል። ሦስተኛው፣ በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ በሐኪሙ እጅ ከሚበጠበጠው በተጨማሪ፣ አስቀድሞ በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀ ዓይነት በአውሮፓ መቅረቡ ነው።

ከእነዚህ ጋር አሳሳቢ ነገርም ታይቷል። በ2024 በአሜሪካ ሐሰተኛ ወይም ተገቢ ባልሆነ መንገድ የተሰጠ መርፌ የተወጉ ሰዎች ታመው፣ ከፊሎቹ ሆስፒታል ገብተዋል፤ መርፌውን የሰጧቸው ፈቃድ የሌላቸው ወይም ያልሠለጠኑ ሰዎች፣ ወይም ከጤና ተቋም ውጭ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ትክክለኛው መድኃኒት ራሱ መርዙ ከተወጋበት ቦታ ሊሰራጭ እንደሚችል የሚገልጽ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ከ2009 ጀምሮ ተጨምሮበታል።

ሦስቱ የፊቅህ ጥያቄዎች

የዑለማእ ውይይት በሦስት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል።

አንደኛው ዓላማ ነው፦ ሕክምና ነው ወይስ የአላህን ፍጥረት መለወጥ? መነሻው ሱረቱ-ኒሳእ አንቀጽ 119 እና ለውበት ሲሉ ጥርሳቸውን የሚሞርዱትን የሚያወግዘው ሐዲስ ናቸው። በአንጻሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አፍንጫቸው በጦርነት ለተቆረጠው ሰሓባ ለዐርፈጃ (ረ.ዐ.) የወርቅ አፍንጫ መፍቀዳቸው ጉድለትን ማስተካከል የተለየ መሆኑን ያሳያል። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ባደረገው ጉባኤ፣ በሽታ ካልሆነ በቀር መሸብሸብን በቀዶ ሕክምናም ሆነ በመርፌ ማስወገድ እንደማይፈቀድ ወስኗል። የኢንዶኔዥያ ዑለማእ ምክር ቤት ግን በ2020 ይዘቱ ሐላል ከሆነ፣ ጉዳት ከሌለው፣ በባለሙያ ከተሰጠና ለተከለከለ ዓላማ ካልዋለ ፈቅዷል። ፈቃጆቹ ከሚያቀርቧቸው መከራከሪያዎች አንዱ የውጤቱ ጊዜያዊነት ነው።

ሁለተኛው ይዘት ነው። የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት በ2006 ለውበት መዋሉን ሲከለክል ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ አጠራጣሪና ነጃሳ ነገሮች የመኖራቸው ጉዳይ ነበር። እዚህ ላይ የመዝሀብ ልዩነት ይመጣል። ሐነፊዎች ነጃሳ ነገር ባሕርዩ ፈጽሞ ሲለወጥ ይጠራል በሚለው የኢስቲሓላ መርሕ ሰፋ አድርገው ይጠቀማሉ፤ ሻፊዒዮች ግን ያጠብቁታል። ሁለቱም መዝሀቦች በአገራችን ስላሉ መምህሩ የጠያቂውን መዝሀብ ልብ ማለት ይገባዋል።

ሦስተኛው ጉዳት ነው። ራስንም ሆነ ሌላውን አለመጉዳት መዝሀቦች ሁሉ የሚስማሙበት መርሕ ነው።

እንግዲህ አዲሶቹ ዓይነቶች ለሁለተኛው ጥያቄ በከፊል መልስ ይሰጣሉ። በከፊል ያልነው አልቡሚን መቅረቱ ብቻ የባክቴሪያውን ምግብ ጉዳይ ስለማይዘጋ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን አይነኩትም። ስለዚህ «ከሰውና ከእንስሳት የተገኘ ነገር የለበትም» የሚል የምርት መግለጫ ይዘቱን እንጂ ዓላማውን ሐላል አያደርግም። የቆይታው መርዘምም ጊዜያዊነትን መከራከሪያ ያደረጉት ወገኖች ሊያጤኑት የሚገባ ነው፤ 6 ወር ጊዜያዊ ቢሆንም በየ6 ወሩ የሚታደስ ልማድ ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

ለኢማሞች የሚጠቅሙ ነጥቦች

መድኃኒቱ በቆዳ ሥር ስለሚሆን የውዱእን ውኃ አያግድም። ጾምን በተመለከተ ይኸው አካዳሚ በ1997 በጂዳ፣ መጋቢ ካልሆኑ በቀር በቆዳ፣ በጡንቻና በደም ሥር የሚሰጡ መርፌዎች ጾምን እንደማያፈርሱ ወስኗል። ሐኪሞች ከተወጉ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ግንባርን ከመጫንና ከማጎንበስ እንዲቆጠቡ ስለሚመክሩ፣ የሱጁድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ ቀላሉ መንገድ ቀጠሮውን ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ በማለዳ ማድረግ ነው፤ እስከ ዙህር ያለው ጊዜ በቂ ነውና።

ስለሆነም ከመልስ በፊት ጠያቂውን ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እንመክራለን፦ ለምን ትፈልገዋለህ? ስሙና ይዘቱ የታወቀ ነው? የሚሰጥህ ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው? የሕክምና ምክንያት ያለውን ወደ ታማኝ ሐኪም መምራት፣ ለውበት የሚጠይቀውን ደግሞ የዑለማእን ልዩነት ሳይደብቁ ማስረዳት የመምህሩ አማና ነው።

ወሏሁ አዕለም።