የላፕቶፕ ድምፅ ሲደክም ከጥገና በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

በንግድ ሥራ ላይ የሚገኙ አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ቀድሞ በደብዳቤና በስልክ ይፈጸም የነበረው ከሩቅ ደንበኛ ጋር የሚደረግ የዋጋ ንግግር ዛሬ በብዛት የሚከናወነው በላፕቶፕ አማካይነት ነው። ከዚህም የተነሣ፣ በተለምዶ ስፒከር የምንለው በላፕቶፑ ውስጥ አብሮ የተሠራው ድምፅ ማጉያ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ዕቃዎች ሁሉ ያነሰ ቢመስልም የተሸከመው ጉዳይ ቀላል አይደለም። በአማርኛ «ሰባት ሺህ» እና «ሰባ ሺህ» የሚለያዩት በአንዲት «ት» ብቻ ነው። በእንግሊዝኛም «ፊፍቲን» የተባለው «ፊፍቲ» ተብሎ ቢሰማ 15 ኩንታል የነበረው 50 ይሆናል። ድምፁ በደከመ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ ዋጋ የሚቀበል ነጋዴ፣ ይህች አንዲት ድምፅ ብታመልጠው ምን ያህል ገንዘብ አብራ እንደምታመልጠው ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ድምፁ ሲቀንስ ብዙ ሰው «ስፒከሩ ተበላሽቷል» ብሎ ዕቃውን ወዲያው ወደ ጥገና ይወስዳል። ነገር ግን ጥፋቱ ከስፒከሩ ላይ ሳይሆን ለላፕቶፑ ከተሰጠው ትእዛዝ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ገንዘብ የማያስወጣውን ምርመራ ማስቀደም ይገባል።

ከሁሉ በፊት በሽቦ የሚሰካ ኤርፎን አምጥቶ አንድ የታወቀ ዘፈን ወይም ንግግር ማዳመጥ ነው። ላፕቶፑ የኤርፎኑንና የስፒከሩን የድምፅ መጠን ለየብቻ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ በሁለቱም በኩል መጠኑን ማየት ያስፈልጋል፤ የኤርፎኑን ግን ጆሮን እንዳይጎዳ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ይገባል። በኤርፎን ድምፁ የጠራና የበረታ፣ በስፒከር ግን የደከመ እንደ ሆነ፣ ጉድለቱ በስፒከሩ፣ በቀዳዳዎቹ ወይም ለስፒከሩ በተሰጠው ትእዛዝ ላይ ነው። በሁለቱም የደከመ እንደ ሆነ ግን ስፒከሩ ንጹሕ ነው ለማለት ይቻላል። በስብሰባ ጊዜ ብቻ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእኛ ሳይሆን በወዲያኛው ወገን ያለው ማይክሮፎን ሊሆን ይችላል። የሰውን ጉድለት በራስ ገንዘብ ማስጠገን እንዳይመጣ ይህን አስቀድሞ መለየት ይጠቅማል።

ከትእዛዞቹ መካከል ብዙዎች የማያውቁት አንድ አለ። ዊንዶውስ በተባለው ሥርዓት በሚሠሩ ላፕቶፖች ላይ፣ የስልክ ወይም የስብሰባ ንግግር መጀመሩን ሥርዓቱ ሲያውቅ የሌሎቹን ፕሮግራሞች ድምፅ ከፋብሪካው በተሰጠው ደንብ መሠረት በ80 በመቶ ይቀንሳል። በስብሰባው መካከል የዕቃውን ፊልም ለደንበኛው ለማሳየት የከፈተ ነጋዴ ድምፁ ድንገት ሲወርድበት የሚደነግጠው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔውም ኮንትሮል ፓኔል ውስጥ ሳውንድ የሚለውን ከፍቶ፣ ኮሙኒኬሽንስ በሚለው ገጽ ላይ «ዱ ናሲንግ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ይኸውም «ምንም አታድርግ» ማለት ነው። እግረ መንገድንም ቮልዩም ሚክሰር የሚለውን ከፍቶ አንዱ ፕሮግራም ለብቻው ዝቅ ተደርጎ እንደ ሆነ፣ በግራና በቀኝ መካከል ያለው ሚዛንም ወደ አንድ ወገን አጋድሎ እንደ ሆነ ማየት ነው። ማክ በሚባሉት ላፕቶፖችም ይኸው ሚዛን በድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ይገኛል።

ድምፁ የደከመው ዊንዶውስ ራሱን ካደሰ በኋላ ከሆነ፣ ድምፁን የሚያስተዳድረው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ተለውጦ ይሆናል። ፋብሪካዎች ለትንንሾቹ ስፒከሮች የሚስማማውን ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ድራይቨር ጋር ያቀርባሉ፤ በምትኩ ለሁሉ የሚሆነው ተራ ድራይቨር ሲገባ ድምፁ የሳሳ ይሆናል። የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው አንብቦ ድራይቨሩን ከአምራቹ ዘንድ ማውረድ ነገሩን ያስተካክላል።

አሁን ወደ ስፒከሩ እንምጣ። የዛሬው ስፒከር የተመሠረተበትን አሠራር በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ገልጸውታል። በማግኔት መካከል የተቀመጠ የሽቦ ጥቅል የኤሌክትሪክ ኃይል ሲያልፍበት ይንቀሳቀሳል፤ አብሮት የተያያዘውም ስስ ገበታ አየሩን ይገፋል። ወፍራሙ ድምፅ ብዙ አየር መግፋትን ይጠይቃል። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው ገበታ ግን ስፋቱ ጥቂት ሳንቲሜትር ስለ ሆነ፣ የከበሮን ድምፅ እንደ ትልቅ ራዲዮ ያሰማኝ ብሎ መጠየቅ ፍርድ አይደለም። ቃልን ከቃል የሚለዩት እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ት» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች በዚህ ትንሽ ገበታ በሚገባ ይሰማሉ። ነገር ግን አቧራና ጨርቅ አስቀድመው የሚያፍኑት እነዚሁኑ ነው።

ስለዚህ «ድምፁ አንሷል ወይስ ታፍኗል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ንግግሩ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም ከተባለ የስፒከሩን ቀዳዳዎች መመልከት ነው። በብዙ ላፕቶፖች ቀዳዳዎቹ ከሥር በኩል ናቸው፤ ዕቃው በጭን፣ በትራስ ወይም በወፍራም የጠረጴዛ ልብስ ላይ ሲቀመጥ አፋቸው ይዘጋል፤ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ጠረጴዛው ራሱ ድምፁን ወደ አድማጩ ይመልሰዋል። አቧራ ከያዛቸው፣ ላፕቶፑን አጥፍቶ በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጎ መጥረግ ይበቃል። በመርፌ መጎርጎር ገበታውን ይበሳል፤ የጎማ ቤት የአየር መንፊያም ኃይሉ ብዙ ስለ ሆነ አይሞከርም።

ድምፁን ከ100 በመቶ በላይ ከፍ እናደርጋለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቪ ኤል ሲ የተባለው እስከ 125 በመቶ ያደርሳል። ይህ በዝግታ ለተቀዳ ንግግር ይረዳል። አስቀድሞ በርትቶ ለተቀዳው ግን ድምፁን ያሻክራል፤ ሁልጊዜም በዚሁ መጠን ማሠራት የሽቦውን ጥቅል ያሞቀዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳለ ድምፁ ዝቅ ሲል ደኅና ሆኖ፣ ከፍ ሲል ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ገበታው ተቀድዶ ወይም ከጠርዙ ተላቆ ይሆናልና፣ ያን ጊዜ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል። ባለሙያው በቴስተር ሲለካው ደኅነኛ ስፒከር በአብዛኛው 4 ወይም 8 ኦም ገደማ ያሳያል፤ ምንም ካላሳየ ጥቅሉ ተበጥሷል ማለት ነው። ላፕቶፑ በቅርቡ ለባትሪ ወይም ለኪቦርድ ተከፍቶ ከነበረ ግን፣ የስፒከሩ ቀጭን ገመድ በሚገባ ሳይሰካ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ይህ እንዲታይ ማሳሰብ ነው። የላፕቶፑ ሆድ አብጦ ከታየ ደግሞ ነገሩ የድምፅ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የባትሪ አደጋ ነው፤ አጥፍቶ፣ ሳይጫኑት፣ በዚያው ቀን ማሳየት ያስፈልጋል።

ስፒከሩ መለወጡ ከተወሰነ የግራውና የቀኙ በአንድነት ቢለወጡ ይመረጣል፤ አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ሲሠሩ ድምፁ ወደ አንድ ወገን ያደላልና። ለብዙ ሰው ስብሰባ ግን በመለወጥም የሚገኝ ጥቅም የለም። በሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ መጠን 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ በክፍል ውስጥም ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠው ሰው የሚደርሰው ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ በዩ ኤስ ቢ ገመድ የሚሰካ የውጭ ስፒከር ተገዝቶ በጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል።