«ካቶሊክ ነኝ፤ በዚህ ግን አልስማማም» ማለት ይቻላልን?

ካቶሊክ የሆነ የሥራ ባልደረባ ወይም ዘመድ ካለዎት አንድ ቀን እንዲህ ሲል ሰምተውት ይሆናል፦ «እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያኔ ስለ ወሊድ መከላከያ የምታስተምረውን ግን አልቀበልም።» ብዙዎቻችን ወንጌላውያን ይህን ስንሰማ ከሁለት ድምዳሜዎች ወደ አንዱ እንቸኩላለን። ወይ «ይህ ሰው የስም ክርስቲያን ነው» እንላለን፤ ወይም ደግሞ «ልቡ ወጥቷል፤ በቅርቡ ወደ እኛ ይመጣል» ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ሰውየው በየእሑዱ የሚያስቀድስ፣ ልጆቹን በእምነቱ የሚያሳድግ፣ የመውጣትም ሐሳብ የሌለው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው በራሷ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዓይን ምንድን ነው? ከመፍረዳችን በፊት መልሱን ከእርሷው ሕግ መስማት ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ማወቅ ያለብን የካቶሊክ ትምህርት ሁሉ እኩል ክብደት እንደሌለው ነው። ይህንን የምትለው ራሷ ቤተ ክርስቲያኒቱ ናት። በላይኛው ደረጃ ያለው እግዚአብሔር የገለጠው እውነት ነው ተብሎ የታወጀው ዶግማ ነው። ሥላሴ፣ የክርስቶስ አምላክነትና ትንሣኤው እዚህ ውስጥ ናቸው። እኛ የማንቀበላቸውም እዚሁ ይገኛሉ፦ በ1854 ማርያም ያለ አዳም ኃጢአት ስለ መፀነሷ፣ በ1870 ስለ ፖፑ አለመሳሳት፣ በ1950 ደግሞ ማርያም በሥጋዋና በነፍሷ ወደ ሰማይ ስለ መወሰዷ የታወጁት። ከእነዚህ አንዱን የተጠመቀ ካቶሊክ በእልከኝነት ቢክድ የ1983ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ድርጊቱን ኑፋቄ ይለዋል፤ ቅጣቱም ከኅብረት መለየት ነው። «በእልከኝነት» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ የገባው በከንቱ አይደለም። ያላወቀ ሰው፣ ወይም ሊረዳው እየታገለ ያለ ሰው፣ መናፍቅ አይባልም።

ከዶግማው ቀጥሎ የመጨረሻ ውሳኔ አግኝቷል የሚባል ትምህርት አለ። ፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1994 «ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን በክህነት የመሾም ሥልጣን የላትም» የሚል ትርጉም ያለው ደብዳቤ ሲጽፉ ጉዳዩን በዚህ ደረጃ አስቀመጡት። ከዚያ የሚመጣው ሰፊው ክፍል ነው፦ ፖፑና ጳጳሳቱ በሥልጣናቸው የሚያስተምሩት፣ ነገር ግን ፈጽሞ ሊሳሳት አይችልም ብለው ያላወጁት ትምህርት። ለዚህኛው ሕጉ እንደ ዶግማው በእምነት መቀበልን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የአእምሮንና የፈቃድን መገዛት ነው። ይህ መገዛት እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረውበታል፤ የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ሥሩም እርሱ ነው።

ከሁሉ በታች ያለው ሥርዓት ነው። ለምሳሌ የካህናት አለማግባት ዶግማ አይደለም። ከሮም ጋር አንድ የሆኑት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የሚተዳደሩበት የ1990 ሕግ ያገቡ ካህናትን ያከብራል፤ በግዕዝ ሥርዓት የምትቀድሰው የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም ከእነዚሁ ከምሥራቃውያን አንዷ ናት። ስለዚህ «ካህን ቢያገባ ምናለበት?» የሚል ካቶሊክ ከእምነቱ አንዳች አላጎደለም።

አሁን ወደ ወሊድ መከላከያው እንመለስ፤ የሰው ቤት የገባው ጥያቄ እርሱ ነውና። እስከ 1930 ድረስ የወሊድ መከላከያን ማውገዝ የካቶሊኮች ብቻ ጉዳይ አልነበረም። ሉተርም ካልቪንም የአውናንን ታሪክ ሲተረጉሙ አጥብቀው ኮንነውታል፤ ይህን ዛሬ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። በ1930 የአንግሊካን ጳጳሳት በለንደን ላምቤዝ ተሰብስበው በሩን በጥቂቱ ከፈቱት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፖፕ ፒዮስ 11ኛ «አይሆንም» ብለው ጻፉ። በ1960 ደግሞ በአሜሪካ የሚዋጠው ኪኒን ተፈቀደ። ኪኒኑ ተፈጥሯዊውን ግንኙነት ስለማያግድ በአሮጌው ክልከላ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚለው አዲስ ጥያቄ ሆነ።

ፖፕ ዮሐንስ 23ኛ በ1963 አጥኚ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ተከታያቸው ጳውሎስ 6ኛ አሰፉት። በኮሚሽኑ ውስጥ ሐኪሞችና የነገረ መለኮት ምሁራን ብቻ ሳይሆኑ ባለትዳሮችም ነበሩበት። ከቺካጎ የመጡት ፓትሪክና ፓትሪሺያ ክራውሊ ቤተ ክርስቲያን የምትፈቅደውን የቀን ቆጠራ ዘዴ ሲከተሉ ከኖሩ ካቶሊክ ባለትዳሮች ብዙ ደብዳቤ ሰብስበው አቀረቡ። የጻፉት የቤተ ክርስቲያን ጠላቶች አልነበሩም፤ ትምህርቱን ለመታዘዝ የደከሙ፣ በየወሩ በፍርሃት የሚቆጥሩ፣ ትዳራቸው የተጎዳ ታማኝ ምእመናን ነበሩባቸው። በ1966 ከአባላቱ የሚበዙት ትምህርቱ ሊሻሻል ይችላል አሉ። ጥቂቶቹ ግን አንድ ከባድ ነገር ጠየቁ፦ ቤተ ክርስቲያን ይህን ያህል ዘመን ተሳስታ ምእመናንን በከንቱ ኮንናለች ልንል ነውን?

ጳውሎስ 6ኛ ብዙኃኑን አልተከተሉም። በሐምሌ ወር 1968 «ሁማኔ ቪቴ» በተባለው መልእክታቸው ሰው ሠራሽ መከላከያ ሁሉ የተከለከለ መሆኑን አጸኑ፤ ባለትዳሮች እርግዝና በማይፈጠርባቸው ቀናት ብቻ መገናኘታቸውን ግን ፈቀዱ። መልእክቱን ለጋዜጠኞች ያቀረቡት ሞንሲኞር ላምብሩስኪኒ ትምህርቱ አይሳሳትም ተብሎ የታወጀ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ምእመናን ሊታዘዙት እንደሚገባ ተናገሩ። እንግዲህ ያችን ከዶግማ በታች ያለችውን ደረጃ ያስታውሱ። ጉዳዩ የወደቀው እዚያ ላይ ነው።

የሆነውን መገመት አያዳግትም። በማግስቱ በዋሽንግተን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ካህን ቻርልስ ከረን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ባለትዳሮች በኅሊናቸው መወሰን ይችላሉ የሚል መግለጫ አወጡ፤ ከ600 በላይ ምሁራንና ሌሎች ሰዎች ፈረሙበት። የካናዳ ጳጳሳት በዚያው ዓመት በዊኒፔግ ተሰብስበው ትምህርቱን ለመከተል ከልቡ ሞክሮ ያልቻለ፣ በቅንነትም ትክክል የመሰለውን የመረጠ ሰው ከእግዚአብሔር እንደ ተለየ እንዳይቆጥር አጽናኑ። ጳውሎስ 6ኛ በ1978 እስኪሞቱ ድረስ በዚህ ደረጃ ሌላ መልእክት አልጻፉም።

የምእመናኑስ ነገር? አንዳንዱ ታዘዘ፤ ብዙ ልጆችም ወለደ። አንዳንዷ ኪኒኑን እየወሰደች ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች፤ አንዱ ካህን ሲያባርራት ሌላው በሰላም ሄደሽ ቁረቢ አላት። አንዳንዱም ከቁርባን ራሱን አግልሎ ለዓመታት በኋለኛው ወንበር ተቀመጠ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። ዛሬ በአሜሪካ ነገሩ ጸጥ ብሏል፤ ፒው የተባለው የምርምር ተቋም በ2016 ባወጣው ጥናት የወሊድ መከላከያ በሥነ ምግባር ስሕተት ነው ያሉት ካቶሊኮች 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በየሳምንቱ ከሚያስቀድሱት መካከል እንኳ 13 ከመቶ። ትምህርቱ ግን አልተለወጠም።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚጠቅሱት አንድ ቃል አለ፤ እርሱም ኅሊና ነው። የካቶሊክ ካቴኪዝም ሰው እርግጠኛ የሆነውን የኅሊናውን ፍርድ መታዘዝ አለበት ይላል። ይህን ደስ ብሎት የሚጠቅስ ብዙ ነው። ያው ካቴኪዝም ግን ቀጥሎ ኅሊና ሊሳሳት እንደሚችል፣ በእግዚአብሔር ቃልና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መታነጽ እንዳለበትም ይናገራል፤ ይህን የሚጠቅሰው ደግሞ ሌላው ወገን ነው። በእኔ እይታ ግማሹን ብቻ የሚጠቅስ ሁሉ ነገሩን አቅልሎታል። «ኅሊናዬ ፈቀደልኝ» ያለ ሁሉ ኅሊናውን ጠይቋል ማለት አይደለም፤ ጠይቀውና ጸልየው እዚያ የደረሱ መኖራቸውም ሊካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ልብ ይበሉ፤ ምእመኑና መምህሩ አንድ ዓይነት ዕጣ የላቸውም። ከቤቱ የሚለይ ምእመንን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም። በቤተ ክርስቲያን ስም የሚያስተምር ግን ይጠየቃል። ሮም በ1986 ከረን የካቶሊክ ነገረ መለኮት መምህር ሊባሉ እንደማይችሉ ወሰነች። ክህነታቸውን ግን አልገፈፈችም፤ እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያናቸውን አልለቀቁም። በኋላ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት በዳላስ፣ ሜቶዲስቶች ባቋቋሙት ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ዝም የተባለ ሁሉ ተሳስቶ አልተገኘም፤ ይህም ነገሩን ያከብደዋል። አሜሪካዊው ኢየሱሳዊ ጆን ኮርትኒ መሪ ስለ ሃይማኖት ነጻነት መጻፋቸውን እንዲያቆሙ በ1950ዎቹ ተነገራቸው፤ ታዘዙ። በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የሃይማኖት ነጻነትን ሲያጸድቅ ሰነዱን ካረቀቁት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በሌላው ወገን ያንኑ ሰነድ የተቃወሙት ፈረንሳዊው ሊቀ ጳጳስ ማርሴል ለፌቭር ከኅብረት የተለዩት ስለ ተቃወሙ ሳይሆን በ1988 ያለ ፖፑ ፈቃድ አራት ጳጳሳት ስለ ሾሙ ነው። አለመስማማት የተራማጆች ብቻ አይደለም። በጥር 2024 የአፍሪካ ጳጳሳት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን መባረክ የሚፈቅደውን የሮም ሰነድ በአህጉራችን አንፈጽምም ብለዋል፤ ፖፕ ፍራንሲስም ይህን አውቀው ተስማምተዋል።

«ታዲያ ለምን አይወጡም?» ይሉ ይሆናል። ይህ ጥያቄ የእኛን ልማድ ያሳያል። እኛ ዘንድ ሰው በእምነት መግለጫው ካልተስማማ ሌላ አጥቢያ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም አዲስ ይከፍታል (በየሰፈራችን ያሉትን ሰሌዳዎች መቁጠር በቂ ነው)። ለካቶሊኩ ግን ቤተ ክርስቲያን የተስማሙ ሰዎች ማኅበር ሳትሆን በጥምቀት የተወለደባት እናት ናት፤ ክርስቶስም በሥጋውና በደሙ በእውነት የሚገኝባት ማዕድ ያለችው በእርሷ ዘንድ እንደሆነ ያምናል። በወሊድ መከላከያ ምክንያት መውጣት ለእርሱ ከእናቱ ጋር ተጣልቶ ከማዕዷ እንደ መቅረት ነው። ይህን እምነቱን ባንጋራም ምክንያቱን ማወቅ እንችላለን።

በዚሁ በማዕዱ ጉዳይ ግን ሌላ ዓይነት አለመስማማት ያጋጥምዎታል። ፒው በ2019 ባወጣው ጥናት እንጀራውና ወይኑ ወደ ክርስቶስ ሥጋና ደም ይለወጣሉ ያሉት የአሜሪካ ካቶሊኮች 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ዶግማ ነው። ይሁን እንጂ 43 ከመቶው ምሳሌ ብቻ ናቸው ብለው የሚያምኑት ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲሁ የምታስተምር መስሏቸው ነው። ትምህርቱን አውቀው የማይቀበሉት 22 ከመቶ ናቸው። ስለዚህ ባልደረባዎ «አልስማማም» ሲልዎት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳያውቁ መልስ ቢጀምሩ፣ ላልጠየቀው ጥያቄ እየመለሱ ሊሆን ይችላል።